የፍሪጅ ጋዝ ያመልጣል እንጂ አያልቅም



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን ባለቤቱ እስኪቸገርበት ድረስ ከቶ የማያስበው ጉዳይ ነው። ይኸውም ምግብና መድኃኒት የምናኖርበት ፍሪጅ በድንገት ጋዙ ሲያመልጥ በምን እንደሚታወቅና ባለቤቱ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው።

ምናልባት አንዳንድ አድማጭ፣ «ይህ ነገር ለድሬዳዋና ለአዳማ ሰው ይነገረው እንጂ ለጎበሳ ሰው ምን ይፈይድለታል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የሽርካ ወረዳ ከተማ የሆነችው ጎበሳ የአርሲ ደጋ ናት። ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ከቤቱ ለሚወጣ ሰው፣ ቅዝቃዜ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ነው ቢሉት ይስቃል። በጎበሳም ሆነ በአሰላ የቤቱን አየር በመሣሪያ ላቀዝቅዝ የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ የደጋ ብርድ ሌሊት መጥቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚሄድ እንግዳ ነው። መድኃኒት ግን ሌሊትም ቀንም አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ብርድ በሞላበት አገርም ፍሪጅ ትልቅ አገልግሎት አለው፤ ሲበላሽም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናንሣ። በጎበሳ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንበል። እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚወጉት ኢንሱሊን ከቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ የበረዶውን ክፍል ለማጽዳት ፍሪጁን ያጠፉና በሩን ይከፍታሉ። በረዶው ከግድግዳው ጋር ተጋግሮ አልላቀቅ ይላቸዋል። እስኪቀልጥ መጠበቁ ቢረዝምባቸው ቢላዋ አንሥተው መፈንቀል ይጀምራሉ። ወዲያው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶም ዝም ይላል። ፍሪጁን መልሰው ሲያበሩት ሞተሩ ይሠራል፤ መብራቱም ይበራል፤ ቅዝቃዜ ግን የለም።

ሰኞ ዕለት ጠጋኙ ይጠራል። ሞተሩን በእጁ ዳሰስ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጋዙ አልቆ ነው፤ ልሙላልዎ?» ይላል። ይሞላል፤ ይከፈላል። ፍሪጁ ለጥቂት ቀን ይቀዘቅዝና እንደገና ይሞቃል። እንደገና ይሞላል፤ እንደገና ይከፈላል። በሦስተኛው ጊዜ ሞተሩ ራሱ ይቃጠላል። የአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ጉዳይ የወር ደመወዝ በልቶ፣ የእናትን መድኃኒት አበላሽቶ፣ በመጨረሻም ፍሪጁን የዕቃ መደርደሪያ አድርጎት ይቀራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋቱ የተጀመረው በቢላዋው ነው፤ የከፋው ግን «አልቋል» በምትለው አንዲት ቃል ነው። የፍሪጅ ጋዝ አያልቅምና። ለምን እንደማያልቅ ለመረዳት ፍሪጅ ቅዝቃዜን እንዴት እንደሚያገኝ አስቀድመን ማየት ይገባናል።

ፍሪጅ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ በውስጡ ያለውን ሙቀት እየተሸከመ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። ይህንንም የሚያደርገው በሦስት የተፈጥሮ ሕጎች ነው። ሦስቱንም ከቤታችን እናውቃቸዋለን።

አንደኛው፣ ፈሳሽ ነገር ወደ ተን በሚለወጥበት ጊዜ ከአካባቢው ሙቀት የሚወስድ መሆኑ ነው። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ቆዳችን በአልኮል ሲጠረግ የሚሰማን ቅዝቃዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ አልኮሉ ሲተን የሰውነታችንን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእንስራ የተቀመጠ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በሸክላው ላብ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው፣ ተን ሙቀቱን ሲለቅ ተመልሶ ፈሳሽ የሚሆን መሆኑ ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ከማሰሮው የተነሣው ተን በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተነከረው ዕቃ ሲደርስ ጠብ ጠብ እያለ አረቄ ይሆናል። በዙሪያው ያለው ውኃ ግን የተኑን ሙቀት ስለሚቀበል ይሞቃል፤ ስለዚህም አውጪዋ ውኃውን ደጋግማ ትለውጠዋለች።

ሦስተኛው፣ ፈሳሽ የሚፈላበት የሙቀት መጠን እንደ ግፊቱ የሚለያይ መሆኑ ነው። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአሰላ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በከፍታው ምክንያት የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው። ባቄላ በደጋ ሲቀቀል ከቆላው የበለጠ ጊዜ የሚፈጀውም ስለዚህ ነው፤ ውኃው ቢፈላም ሙቀቱ ያነሰ ነውና። ግፊት ሲቀንስ መፍያው ይወርዳል፤ ግፊት ሲጨምር መፍያው ይወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ የፍሪጅ ጥበብ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቧንቧ ውስጥ ማገናኘት ነው። በቧንቧው ውስጥ ገና በብርድ የሚፈላ ጋዝ ይዘዋወራል። ለምሳሌ አር 134ኤ የሚባለው ጋዝ በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ፣ አር 600ኤ የሚባለውም ኢሶቡቴን ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሕዝቡ ሞተር የሚለው ኮምፕሬሰር ጋዙን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርግና ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከጎንና ጎኑ ግድግዳ ወዳለው ቧንቧ ይልከዋል። እዚያም ጋዙ እንደ አረቄው ተን ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ለቅቆ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም በጣም ቀጭን በሆነ የመዳብ ቧንቧ በኩል አልፎ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ወደ በረዶው ክፍል ይገባል። በዚያ እንደገና እየፈላ ተን ሲሆን የምግቡንና የመድኃኒቱን ሙቀት ይወስዳል። ተኑም ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ ዑደቱን ይጀምራል።

ይህን ከተረዳን ዋናው ነገር በግልጽ ይታያል። ጋዙ እንደ መኪና ቤንዚን አይቃጠልም፤ እንደ ከሰልም አመድ አይሆንም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እንደ ደም ይዘዋወራል እንጂ አይበላም። ፍሪጁ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላው ጋዝ ከሃያ ዓመት በኋላም ያው መሆን አለበት። እንግዲያስ ጋዙ ከጎደለ አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያለው፤ በአንድ ቦታ ወጥቷል። ደሙ የሚፈስሰውን ሰው ቁስሉን ሳያስሩ ደም ቢጨምሩለት እንደማይድን ሁሉ፣ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላትም ጋዙንና ገንዘቡን ወደ አየር መበተን ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ። ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ባቆመ ቁጥር ጋዝ አመለጠ ማለት አይደለም። ጋዝ ያመለጠ የሚያስመስሉ ሌሎች ምክንያቶች አሉ፤ ባለቤቱ ጠጋኝ ከመጥራቱ በፊት እነርሱን አንድ በአንድ ማየት ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሚታየው የኤሌክትሪኩ ኃይል ነው። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት እንዲሆን የተወሰነ ነው። ኃይሉ እጅግ ሲወርድ የፍሪጁ የውስጥ መብራት ይበራል፤ ሞተሩ ግን ለመነሣት አቅም ያጥረዋል። ጥቂት ያጓራና «ቀጭ» ብሎ ይቆማል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ይሞክራል። ይህ ሲሆን በሽታው የኃይል ማነስ፣ ወይም የሞተሩ ማስነሻ መበላሸት ነው እንጂ የጋዝ አይደለም። የቤቱ አምፖሎች ፈዘዝ ብለው እንደሆነ መመልከት፣ ስታብላይዘር ያለውም ሰው ቆጣሪውን ማንበብ ይበቃዋል።

በሁለተኛ ደረጃ የሚታየው የክፍሉ ብርድ ነው። ይህ በተለይ የአርሲንና የመሰሎቹን ደጋ አገሮች ሰው የሚመለከት ስለሆነ በጥሞና ሊሰማ የሚገባው ነው። ወደ አገራችን የሚገቡ ብዙዎቹ ፍሪጆች ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ እንዲሠሩ የተበጁ ናቸው። ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ቴርሞስታት የሚባለው ተቆጣጣሪ በብዙዎቹ ፍሪጆች የሚገኘው በታችኛው የምግብ ክፍል ነው። ክፍሉ በሌሊት እጅግ ሲቀዘቅዝ፣ የምግቡ ክፍል ያለ ሞተር እርዳታ በቂ ቅዝቃዜ ያገኛል። ቴርሞስታቱም «በቂ ነው» ብሎ ሞተሩን አያስነሣም። በዚህ ጊዜ በላይ ያለው በረዶ መቅለጥ ይጀምራል። ባለቤቱ ጠዋት ተነሥቶ ውኃ ሲያይ፣ «ጋዙ ወጣ!» ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ሞተሩ ዝም ብሎ ቆሞ፣ የምግቡም ክፍል ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ ፍሪጁ ጤነኛ ነው። መድኃኒቱ ከብርዱ ወደማያገኘው ሞቅ ወዳለ ክፍል ማዛወር ብቻ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚታየው በሩ ነው። የበሩ ጎማ ሲያረጅ ወይም ሲቆሽሽ እርጥብ አየር ያስገባል፤ በረዶው ይከመራል፤ ቅዝቃዜውም ይዳከማል። አንድ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አስገብቶ በሩን ዘግቶ መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልያዘም ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ፣ የጋዝ መፍሰስ ምልክቶችን መመልከት ይቻላል። የመጀመሪያው ምልክት ሞተሩ ያለ ዕረፍት መሥራቱ ነው። ቅዝቃዜው ስላልደረሰ ቴርሞስታቱ ሞተሩን አያቆመውም። ሁለተኛው፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሙቀት የሚለቀው ቧንቧ አለመሞቁ ነው። በጤናው ጊዜ እጅን የሚያሞቅ የነበረው የጀርባው ወይም የጎኑ ግድግዳ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ይሆናል፤ የሚሸከመው ሙቀት የለምና። ሦስተኛው የአመዳዩ መልክ ነው። በጤነኛ ፍሪጅ አመዳዩ የበረዶውን ክፍል ግድግዳ ሁሉ በእኩል ያለብሳል። ጋዙ ጎድሎ ከሆነ ግን ጋዙ በሚገባበት ጥግ ብቻ ትንሽ አመዳይ ይታያል፤ ቀሪው ግድግዳ ደረቅ ነው። ጋዙ ፈጽሞ ከወጣ ጨርሶ አመዳይ የለም። አራተኛው፣ በጤናው ጊዜ ከውስጥ ይሰማ የነበረው የፈሳሽ መንቆርቆር ድምፅ መጥፋቱ ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የታመነው ምስክር ዘይት ነው። ከጋዙ ጋር ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት አብሮ ይዘዋወራል። ጋዙ በወጣበት ቀዳዳ ዘይቱም ጥቂት ጥቂት ይወጣል፤ አቧራም ይይዛል። ስለዚህ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቅሎ በባትሪ መብራት ቧንቧዎቹንና የብየዳ መገጣጠሚያዎቹን መመልከት ነው። ጥቁር ወይም ወዛማ ነጠብጣብ ከታየ ሌባው የገባበት በር ተገኘ ማለት ይቻላል።

አንድ ልዩነት እናስታውስ። ፍሪጁ ጠፍቶ አድሮ ሲበራ ለጥቂት ሰዓት ደኅና አድርጎ የሚያቀዝቅዝ፣ ከዚያም የሚያቆም ከሆነ፣ በቧንቧው ውስጥ የገባ እርጥበት በቀጭኑ ቧንቧ አፍ ላይ እየረጋ መንገዱን ይዘጋው ይሆናል። በረዶው ሲቀልጥ ይከፈታል፤ ሲረጋ ይዘጋል። የወጣ ጋዝ ግን በዕረፍት አይመለስም።

የጋዝ መውጣት ምልክት የታየበት ሰው ወዲያውኑ ፍሪጁን ማጥፋት ይገባዋል። ምክንያቱም በታሸገው ኮምፕሬሰር ውስጥ ያለው ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚመለሰው ጋዝ ነው፤ ጋዝ ሳይኖር ሲሠራ ግሎ ይቃጠላል። ከዚህም በላይ በኢሶቡቴን በሚሠሩ ፍሪጆች ውስጥ፣ ሞተሩ ሲሠራ በበረዶው ክፍል ቧንቧ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚያ ወገን ቀዳዳ ካለ፣ ቧንቧው ጋዝ በማውጣት ፈንታ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጉዳቱም ይባዛል።

ማጥፋቱ ግን በጥንቃቄ ነው። በፍሪጁ ጀርባ ወይም በኮምፕሬሰሩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የጋዙ ዓይነት ተመልክቷል። አር 600ኤ ከሆነ ጋዙ የሚቀጣጠል ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም የማይበልጥ ቢሆንም፣ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። የሚሾልክ ድምፅ እንደተሰማ መስኮትና በር መክፈት፣ ክብሪት አለመጫር፣ ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል በክፍሉ ካለ ቤተሰቡን ይዞ መውጣት፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለመንካትና ኤሌክትሪኩን ከክፍሉ ውጭ ካለው ቆጣሪ ማጥፋት ይሻላል። አር 134ኤ የመሰሉት ጋዞች በቀላሉ አይቀጣጠሉም፤ ነገር ግን በእሳት ወይም በጋለ ብረት ሲነኩ መርዛማ ጢስ ይሆናሉና እነርሱንም ከማንደጃው ማራቅ ያስፈልጋል።

ቀዳዳው የሚፈጠረው በአራት ዋና ምክንያቶች ነው። አንደኛው ከላይ የጠቀስነው ቢላዋ ነው። የበረዶው ክፍል ግድግዳ በብዙ ፍሪጆች በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ሉሆች መካከል የጋዙ መንገድ የተቀረጸበት ነው፤ ስለት አይችልም። ሁለተኛው መንገድ ነው። ፍሪጅ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተነሥቶ፣ በአዳማና በአሰላ አልፎ ወደ ወረዳ ከተማ ሲደርስ፣ በደንብ ካልታሰረ ቧንቧዎቹ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ፤ ብየዳቸውም ይሰነጠቃል። ሦስተኛው የሞተሩ ንዝረት ነው፤ ቧንቧ ከብረት ጋር ተነካክቶ ለዓመታት ሲፋተግ ይሳሳል። አራተኛው ዝገት ነው፤ ይህም በተለይ መዳብና አሉሚኒየም በሚገናኙበትና እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ ይብሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጠጋኙ ሥራ ነው። ባለቤቱ የእጅ ሥራውን ባያውቅም ሥርዓቱን ቢያውቅ አይታለልም። መልካም ጠጋኝ በመጀመሪያ ቧንቧውን በናይትሮጅን ግፊት ይሞላና መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው በሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው አለ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ናይትሮጅን ያላገኘ ሰው ከብየዳ ቤት ኦክስጅን አምጥቶ ልሞክር ቢል ከቶ አይፈቀድለት። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ማጣሪያው በአዲስ ይለወጣል። ከዚያም በመምጠጫ ፓምፕ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ሁሉ ተመጥጦ ይወጣል። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ፣ በፍሪጁ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ይሞላል። በግምት መሙላት ትክክል አይደለም፤ ከልኩ በላይ የተሞላ ጋዝ እንደ ጎደለው ሁሉ ሞተርን ይጎዳል። የግፊት መለኪያ አንብቦ ብቻ ለሚሞላም ሰው ደጋው አንድ ስሕተት ይጨምርበታል። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መለኪያው ደግሞ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ እንዳለ የሚከተል ሰው ይሳሳታል። ሚዛን ግን በደጋም በቆላም አይዋሽም።

ስለዚህ ባለቤቱ ጠጋኙን በትሕትና እንዲህ ብሎ ሊጠይቀው ይገባል፤ «ቀዳዳው የቱ ላይ ነው? በምን ፈተንከው? ስንት ግራም ሞላህ?» እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ የማይቸገር ሰው ገንዘቡ ይገባዋል። በኢሶቡቴን የሚሠራውን ፍሪጅ በሌላ ጋዝ፣ በሌላ ጋዝ የሚሠራውንም በኢሶቡቴን ልሙላ የሚል ከመጣ ግን ማሰናበት ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ በዝውውር የሚሄዱ ሠራተኞችም ብዙ ናቸው። ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ሰመራ የተዛወረ የጎበሳ ሰው በተመደበለት ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ያገኝ ይሆናል። ይህም ያው የፍሪጁ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ሣጥንን ሌላው ክፍልን ማቀዝቀዙ ነው። ሲሠራ የሚነፍሰው አየር ከሚስበው አየር ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ ይገባዋል። ጋዙ ሲያመልጥ ነፋሱ እንዳለ ሆኖ ቅዝቃዜው ይጠፋል፤ ከቤት ውጭ ያለው ክፍሉም ሞቃት አየር መትፋቱን ይተዋል። ወፍራሙ የመዳብ ቧንቧ ላብ ማውጣቱን ሲያቆም፣ ቀጭኑ ላይ ወይም በውስጠኛው ክፍል ላይ ደግሞ በረዶ ይታያል። ሆኖም በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያም በረዶ ሊያመጣ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብ ይገባል። በዚህ መሣሪያ ላይ ጋዝ አዘውትሮ የሚወጣው ውጩንና ውስጡን የሚያገናኙት ቧንቧዎች በብሎን በሚታሰሩበት ቦታ ነው፤ ዘይቱም በዚያ ይፈለጋል።

ፍሪጁ እስኪጠገን ድረስ በውስጡ ያለው ነገር ምን ይሁን? በሩ ካልተከፈተ የምግቡ ክፍል 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ የበረዶ ክፍልም 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ኢንሱሊንን በተመለከተ፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በአገልግሎት ላይ ያለው ግን አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የየመድኃኒቱ ወረቀት የሚለውን ማንበብና በጤና ጣቢያ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ረገድ የጎበሳ ሰው ከሰመራው ይልቅ ዕድለኛ ነው። መድኃኒቱን በንጹሕ ማስቀመጫ አድርጎ በአንድ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማኖር፣ ያንንም እርጥብ አሸዋ በያዘ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥና በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ሙቀቱን ይቀንስለታል። ነገር ግን በበረዶ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኃይሉን አጥቷልና ይጣላል።

በመጨረሻ ስለ ጋዙ ታሪክ ጥቂት እንበል፤ የአንድ ቤት ቀዳዳ የዓለም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ፍሪጆች ውስጥ አሞኒያን፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድንና ሜቲል ክሎራይድን የመሰሉ መርዛማ ጋዞች ነበሩ። ሲያፈስሱ ሰው ይገድሉ ነበር። በዚህ አደጋ ተነሣሥተው አልበርት አይንሽታይንና ሊዎ ሲላርድ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ፍሪጅ ፈልስፈው እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተውበት ነበር። አሜሪካዊው ቶማስ ሚድግሊ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሬዎን በሚል ስም የታወቀውን ጋዝ ከባልደረቦቹ ጋር አስገኘ። እ.ኤ.አ. በ1930 በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በትንፋሹ ሻማ በማጥፋት፣ መርዝ እንዳልሆነና እንደማይቀጣጠል አሳየ።

ዓለም ተደሰተ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ፣ ከየቤቱ ያመለጠው ይህ ጋዝ ወደ ላይኛው ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ገባችበት። ፍሬዎንን የተኩት እንደ አር 134ኤ ያሉት ጋዞች ኦዞንን ባይጎዱም ምድርን በብርቱ የሚያሞቁ ሆነው ስለተገኙ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ እነርሱንም ለመቀነስ ተስማሙ። ዛሬ በአዳዲስ ፍሪጆች ኢሶቡቴን የበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ቀዳዳ ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ከአንድ ሰው ኪስ ብቻ ሳይሆን ከሁላችን ሰማይ የሚወጣ ወጪ ነው።

አድማጮቻችን፤ አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የበረዶውን ክፍል ለማጽዳት የሚያስፈልገው ፍሪጁን አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ አንድ ሳህን ሙቅ ውኃ በውስጡ አስቀምጦ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። በረዶው የጣት ውፍረት ሳይደርስ ይህን የሚያደርግ ሰው ቢላዋ አያስፈልገውም። ፍሪጁን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ፣ የጀርባውን አቧራ መጥረግ፣ በመንገድ ሲጓጓዝ አቁሞ ማሰርና አስተኝተውት የመጣ እንደሆነ ሳያበሩ ለብዙ ሰዓት አቁሞ ማሳደር፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋዙ ያመለጠ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው። «አልቋል» የሚለውን ቃል አይቀበል፤ «በየት ወጣ?» ብሎ ይጠይቅ። ቀዳዳው ከተገኘ ጋዙ በቦታው ይቆያል፤ የእናትም መድኃኒት እንዲሁ።